ምግብ መራጩ ወይን ሽንፋ ላይ

መጠጥ ምግብ ይመርጣል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ሰው መጠጥ ሲመርጥ ነው። ጠጅ የተቀዳለት ሰው ፊቱ ጥብስ ይቅረብ ቆሎ ይቅረብ ደንታ የለውም። ጠጁም ቅር ሲለው አላየሁም። በቀደም ዕለት ግን ዘመድ ቤት ተጋብዤ ብሄድ፣ የሆቴል ሙያ የተማረችው የዘመዴ ልጅ «ጋሼ፣ ነጭ ወይን ከቀይ ሥጋ ጋር አይሄድም» ብላ ብርጭቆዬን ከፊቴ አነሳችው። ብርጭቆ ሲነሳብኝ እንደማልወድ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ቢሆንም አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ሳቄ መጣ። ይህን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት በመተማ ቆላ፣ ሽንፋ ነው። የሰማሁ ጊዜ ደግሞ አንድ ወዳጄ ሚስት የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚሁ ወይን ሰበብ ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ጓድ የነበርንበት። እኔ ከሽንፋ ወዲህ ባለ የመንግሥት እርሻ የክሊኒኩ ድሬሰር ነበርኩ። እርሻው ጥጥና ሰሊጥ ነው። የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ሠራተኛው ከጎጃም ከወሎ ይጎርፋል፣ እኔም ኪኒንና መርፌዬን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ወባ እኔን ሥራ አስፈትታኝ አታውቅም። ሙቀቱንማ ለማያውቀው ሰው ምን ብዬ ልንገረው? በሚያዝያ የመኪና በር በባዶ እጅ አይነካም። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ከጥላ ወደ ጥላ ነው የሚሄዱት።

እዚያ እርሻ ላይ ሙሴ አልበር የምንለው ፈረንሳዊ ነበር። የጥጥ ትል ሊያጠና የመጣ ሰው ነው። ፀጉሩም ጢሙም ነጭ፣ እሱ ራሱ ከማሳው የተለቀመ ይመስላል። አማርኛ ያስተማረው የግቢው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ጨዋ ሽማግሌ ስለነበሩ ሙሴ የሚያውቀው «እርስዎ»ን ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰውን ሁሉ እርስዎ ይላል፣ አህያውንም እርስዎ። አንድ ቀን መንገድ የዘጋበትን አህያ «እባክዎ ትንሽ ይለፉ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አህያው አለፈለት። እኔን ያው አህያ በዱላም አያሳልፈኝም ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው አልጋው ሥር፣ በጥጥ ጠቅልሎ በሣጥን ያስቀመጠው አንድ ጠርሙስ ወይን ነበረው። ነጭ ወይን ነው። የተወለደበት አገር አልዛስ ይባላል፣ ፈረንሳይና ጀርመን የሚዋሰኑበት። ወይኑን የጠመቀው ወንድሙ ነው፣ ከአባታቸው ማሳ። «ለመልካም ቀን ነው» እያለ ይጠብቀዋል። ስለ እሱ ማውራት ከጀመረማ የጥጡን ትል ሁሉ ይረሳል። ወይኑ ቀዝቃዛ ካልሆነ አይጠጣም፤ ከሞቀ ሞተ ማለት ነው። ቀዝቅዞም ምግብ ይመርጣል። የወንዝ ዓሣ ይወዳል። ሽንኩርት የተጋገረበት ቂጣ ይወዳል። የሚሸት አይብም ይወዳል። ምን ያህል የሚሸት ብለን ብንጠይቀው አፍንጫውን ይዞ በደስታ ፈገግ አለ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ጎመን ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው አለን።

ይህን ሲል ሐጂ ዑስማንም ነበሩ። ሐጂ በአንዲት አሮጌ ሎሪ ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ ጎንደር የሚነግዱ፣ መተማ ላይ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ቀስ ብለው ተነሱና ወንበራቸውን ከሣጥኑ ራቅ አድርገው ተቀመጡ። «ያ ዞል፣ መጠጡ ብቻውን አይበቃም ነበር?» አሉት። ያ ዞል ማለት በሱዳኖቹ አነጋገር አንተ ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ልምጣ። ታደሰ ይመር ይባላል፣ የወሎ ልጅ፣ የእርሻው መካኒክ። ዝምተኛ ነው። ትራክተር እንጂ ሰው ሲያናግር ብዙ አይታይም። ሽንፋ ላይ አያ ፈንታ የሚባሉ የደምቢያ ሰው የእህል ወፍጮ ነበራቸው። ወፍጮው በተበላሸ ቁጥር የሚጠራው ታደሰ ነው። የሚበላሸውም ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው፣ ታደሰ ሥራ በሌለው ቀን። ብልሽቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ይላላል። ታደሰ ሄዶ ያጠብቀዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ይላላል። እንዲህ ያለ ቺንጋ ዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም። ወፍጮ ቤቱን የምታሠራው ደግሞ የአያ ፈንታ ልጅ ትርንጎ ናት። ነገሩን እኛ ሁሉ ገብቶን ነበር፤ አያ ፈንታ ይግባቸው አይግባቸው ግን የሚያውቅ የለም።

እንዲህ እያለ ቢቀጥል ጥሩ ነበር። ምን ይሆናል፣ ዝውውር መጣ። አዋሽ በኩል አዲስ እርሻ ተከፍቷልና መካኒክ ይላክ ተባለ። አስተዳደሩ ያገባውንም ያጨውንም ከቦታው አይነቅልም፤ የሚላከው ላጤው ነው። ከመካኒኮቹ ላጤው ደግሞ ታደሰ ብቻ ነው። ሰኞ መኪና ይነሳል ተባለ፤ ይህን የሰማነው ዓርብ ነው። ታደሰ እኔ ክሊኒክ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አሞሃል ወይ ብለው አዎ አለኝ። የት ላይ ብለው ወደ ሽንፋ በኩል አየ። ያን ትልቅ ሰውዬ እንዲያ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላው። እሁድ ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን አልኩት።

አፌ ቀድሞ ተናገረ እንጂ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ቆላ የወጣት አገር ነው። ያረጀ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ደጋ ይወጣል። ሽንፋ ላይ ያሉት ጥቂት ሽማግሎች ደግሞ የአያ ፈንታ ዘመዶች ናቸው፤ ከእሳቸው ቃል አይወጡም። እኔ ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፣ ሆኖም ፀጉሬ ቀድሞ ሸብቷል። ሐጂ በዕድሜም በክብርም ይበቃሉ። ሦስተኛው ጠፋ። ስናስብ ስናስብ ያ ሁሉ ነጭ ጢም ያለው ሰው አንድ ነው። ሙሴን ጠየቅነው። ነገሩን ስናስረዳው ተነስቶ አልጋው ሥር ገባ፣ ሣጥኑን ጎትቶ አወጣ። «መልካሙ ቀን ይህ ነው» አለ።

ታዲያ ወይኑ መቀዝቀዝ አለበት። በአካባቢው ያለው ማቀዝቀዣ በላምባ የሚሠራው የክሊኒኩ ነው፣ ክትባት ያለበት። ሙሴ በዓይኑ ለመነኝ። እኔም እምቢ አልኩት፤ የሕፃናት ክትባት አውጥቼ ጠርሙስ አላስገባም። ያኔ ሐጂ ራሳቸው ዘዴ አመጡ። የሎሪ ሾፌሮች ውኃ የሚያበርዱት እርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከመስተዋቱ ላይ በማንጠልጠል ነው፤ ሎሪው ሲሮጥ ነፋሱ ያበርደዋል። ጠርሙሱ በጆንያ ተጠቀለለ፣ ውኃ ጠጣ፣ ተንጠለጠለ። ሽንፋ ቅርብ ስለሆነ ለመብረድ አይበቃም አልን። ስለዚህ እኚያ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሐጂ፣ እሁድ ጧት ሎሪያቸውን ወደ መተማ መንገድ ነድተው፣ ዞረው፣ ደግሞ ነድተው ወይን አበረዱ። ነውር አይሆንብዎትም ወይ ብላቸው «እኔ የማበርድ ጆንያ ነው። ጆንያው ውስጥ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ዓሣውም አልተረሳም። ታደሰ ቅዳሜ ለትርንጎ ነግሯት፣ ከሽንፋ ወንዝ ትልቅ ዓሣ አስይዛ ነበር። እዚህ ላይ እናቷ አንገራገሩ አሉ። ወቅቱ ፋሲካ ነዋ። ሁለት ወር ጾም ተጹሞ በተፈታ ማግስት፣ ዶሮ እያለ፣ በግ እያለ፣ ለሽማግሌ የጾም ዓሣ ማቅረብ ስድብ ነው። ትርንጎ ግን ለፈረንጁ እንግዳ ሐኪም ያዘዘለት ነው ብላ አሳመነቻቸው። ያው ሐኪሙ እኔ መሆኔ ነው። እኔ ለማንም ዓሣ አዝዤ አላውቅም።

እሁድ ደረስን። ታደሰ ሎሪው ውስጥ ቀረ። ሽምግልና ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፣ ተቀመጡ ሲባል ይቀመጣል፣ ጉዳዩ ሳያልቅ ግን እህል ውኃ አይቀምስም። ይዞ የመጣውንም እሺታ ሳያገኝ አይሰጥም። ይህን ለሙሴ ደጋግመን ነግረነዋል። አደራ፣ የአሳማውንም ነገር እዚያ ቤት እንዳያነሳ ነግረነዋል። ገብቶኛል ብሏል።

አያ ፈንታ ረዥም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ሁሉ የተመጠነ ሰው ናቸው። አንድ ኩራት አላቸው፤ መጠጥ ያውቃሉ። ከአዘዞ እስከ ገዳሪፍ ያልቀመሱት የለም። ጠጅ ገና ሲቀዳ አሽትተው የማሩን አገር ይናገራሉ፣ የሱዳኖቹን ማሪሳም የቴምር አረቄም ያውቃሉ። ይህን ስታወሩላቸው ፊታቸው ይፈታል፤ ከዚያ ውጪ ግን ድንጋይ ናቸው።

ቆመን ጠየቅን። ተቀመጡ አሉን። ሙሴ ጠርሙሱን ከእርጥብ ጆንያው ጋር ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ውኃው በሱሪው ላይ ይወርድ ጀመር። አያ ፈንታ ጆንያውን አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጁ ማን ይባላል?» አሉ፣ እንደማያውቁ ሆነው።

«ታደሰ ይመር» አልኩ።

«ይመር የእስላም ስም አይደለም እንዴ? እኔ ልጄን ሃይማኖቱን ለማላውቀው አልሰጥም።»

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ የእስላም፣ እስላሙ የክርስቲያን ስም እንደሚይዝ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሐጂ ቀደሙኝ። «አያ ፈንታ፣ ለዚህስ ምስክሩ እኔ ነኝ። ይህን ልጅ አንድ ቀን እንኳ መስጊድ አይቼው አላውቅም። ወላሂ፣ ክርስቲያን ነው» አሉ። አያ ፈንታ ሐጂን ትክ ብለው አይተው ይህን ተቀበሉ። ከሐጂ የበለጠ ምስክር ከወዴት ይመጣል?

«ዝውውር መጥቶበታል አሉ» ብለው ቀጠሉ። «ዝውውር ሊሸሽበት ነው ልጄን የሚፈልጋት?»

እዚህ ላይ ጭንቅ ሆነ። ነገሩ እውነትም ውሸትም ነው። ፍቅሩ የቆየ ነው፣ ያስቸኮለው ግን ዝውውሩ ነው። የቱን አስቀድሜ ልናገር ስል አላስጨረሱኝም።

«ደግሞስ» አሉ አያ ፈንታ፣ «አገሩ ሩቅ ነው። ዘሩን የሚያውቅ ማን አለ?»

ያን ጊዜ ሙሴ ተናገረ። «የእኔ አገር ድንበር ነው፣ እንደ እርስዎ አገር» አለ። «አያቴ ከቤታቸው ሳይወጡ አንድ ጊዜ ጀርመን ሆኑ፣ አንድ ጊዜ ፈረንሳይ ሆኑ። ማን እንደሆኑ መንግሥት አያውቅም ነበር፤ ጎረቤት ነው የሚያውቀው። የታደሰ ጎረቤት እኛ ነን። ከሩቅ የመጣነው እኛ ስንታመም፣ መኪናችን ሲቆም፣ የሚመጣው እሱ ነው። እኛ እናውቀዋለን።»

ጥሩ ተናገረ። አያ ፈንታም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም ከሥርዓቱ የሚወጡ ሰው አይደሉም። «መልካም ብላችኋል» አሉ። «እንግዲህ ደምቢያ ያሉ ወንድሞቼን ላማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት እንደሌለ እናውቃለን። በሌላ ጊዜ ቢሆን እጅ ነስተን እንወጣ ነበር። አሁን ግን መኪናው ሰኞ ይነሳል። ሎሪው ውስጥ ያለውን ሰው አስቤ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

ሙሴ በበኩሉ እጁን ጆንያው ውስጥ አስገብቶ ጠርሙሱን ዳሰሰ። ፊቱ ጨለመ። «መሞቅ ጀምሯል» አለ።

አያ ፈንታ ከገባን ጀምሮ ዓይናቸው ከዚያ ጆንያ አልተነቀለም ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

ሙሴ ነገራቸው። የወንድሙን ማሳ ነገራቸው፣ ቅዝቃዜውን ነገራቸው። አያ ፈንታ በእጃቸው ጀርባ ጠርሙሱን ነካ አደረጉና እጃቸውን ቶሎ አልመለሱትም። በሚያዝያ፣ በሽንፋ፣ ቀዝቃዛ ነገር መንካት ምን ማለት እንደሆነ የቆላ ሰው ያውቀዋል።

«ምን ምን ይላል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምግብ ይመርጣል» አለ ሙሴ።

«መጠጥ ምግብ ይመርጣል?» አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ። እውነት ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። «ምን ይመርጣል?»

«የወንዝ ዓሣ። የሚሸት አይብ። ግን ከሁሉ የሚወደው» አለና ሙሴ ዓይኑ በራ፣ «ጎመን ነው፣ ከ…»

«ከጎመን ጋር!» አሉ ሐጂ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ኸላስ። ጎመን ነው፣ አለቀ።» እኔም ሳል ጀመርኩ፣ የሳንባ ሕመምተኛ እስክመስል ሳልኩ። ሙሴ አደራውን አስታውሶ አፉን ዘጋ።

«በፋሲካ ጎመን» አሉ አያ ፈንታ እየተገረሙ። «ኧረ ዓሣው ይሻላል።» ከጓዳ የዓሣው ሽታ ይመጣ ነበር። ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ።»

«ያን ጊዜ ይሞታል» አለ ሙሴ። «እዚህ ሙቀት ላይ ከጥጡ ወጥቷል፣ ሎሪ ላይ ተንቀጥቅጧል። ዛሬ ካልተጠጣ አይጠጣም። እኔ ደግሞ ደስታ ከሌለ አልከፍተውም። ወጥቼ መሬት ላይ አፈሰዋለሁ።» ሲናገር እያስመሰለ አልነበረም፤ ዓይኑ ውኃ ሞልቷል።

አያ ፈንታ ተነሱ። በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ በሽምግልና ላይ ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረጉ። «ትርንጎ» ብለው ጠሩ።

ትርንጎ ከጓዳ ወጣች፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች።

«ይህን መካኒክ ታውቂዋለሽ?» አሏት።

መሬት መሬት እያየች እንደምትሽኮረመም ጠብቄ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። «አባየ፣ ቺንጋውን የማላላው እኔ ነኝ» አለች። «ሰኞ ከሄደ ቺንጋውን የማላላለት የለኝም።»

አያ ፈንታ ልጃቸውን ረዥም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ «አውቃለሁ» አሉ። «ቺንጋ በየቅዳሜው አይላላም። እኔም ወፍጮ የጀመርኩት ትናንት አይደለም እኮ።» ወደ እኛ ዞሩ። «ሰጥቻለሁ። ልጁን ከሎሪው አውርዱት፣ በሙቀት ልትገድሉት ነው እንዴ?»

እናትየው እልል አሉ። እኔ የማደርገውን አጣሁና ሐጂን አቀፍኩ። ታደሰ በላብ ርሶ ገባና የአያ ፈንታን ጉልበት ሳመ። አያ ፈንታን ልጃቸው ረታቻቸው ወይስ ጠርሙሱ? እኔ ልጃቸው ናት እላለሁ። ሐጂ ግን እስከ ዛሬ ጠርሙሱ ነው ይላሉ፣ «እጃቸውን ከቀዝቃዛው ሲያነሱ አይቻለሁ፣ በግድ ነው ያነሱት» ብለው።

ሙሴ ቡሹን ነቀለ። ብርጭቆ አልነበረም፣ ብርሌ ቀረበ። ሙሴ ብርሌውን አይቶ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታውን ይይዛል ብሎ በጣም ደስ አለው። ለአያ ፈንታ ቀዳላቸው። ዓሣው ቀረበ፣ ከነበርበሬው ቀልቶ። ሁላችንም አያ ፈንታን አየን። መጠጥ አዋቂው እሳቸው ናቸውና ፍርዱን ከእሳቸው ነው የምንጠብቀው።

አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተጎነጩ።

ዓይናቸው ተከፈተ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። በጨዋነት ዋጡት፤ ሲወርድ ሳይቀር እናይ ነበር። እኔም ቀመስኩ። ጎምዛዛ ነው፣ ጥሬ ሎሚ የነከሳችሁ ያህል። ይህን የሚያህል ፍቅር፣ ይህን የሚያህል ጥጥ፣ ይህን የሚያህል ሎሪ ለዚህ ነው?

«ከዓሣው ጋር» አለ ሙሴ በጉጉት።

አያ ፈንታ ከዓሣው ጎረሱ፣ ደግሞ ጠጡ። በርበሬውና ጉምዝዝታው አፋቸው ውስጥ ሲጣሉ ፊታቸው ላይ ይታያል። ጥቂት አሰቡና «ማር አምጡ» አሉ። ትርንጎ ማር አመጣች። ማሩን በማንኪያ አንስተው ከብርሌው ጨመሩና አማሰሉት። ሙሴ ግድግዳውን ተደገፈ። ወንድሙ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል እያሰበ መሆን አለበት። ሆኖም ጨዋ ሰው ነው፤ ብርሌው ሲሰጠው ተቀበለ። ጠጣ። ዓሣውን ጎረሰ። ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ብርሌውን ለአያ ፈንታ አልመለሰላቸውም፣ እስከ መጨረሻው ጨለጠው።

ታደሰ ሰኞ አልሄደም። ዛሬም ያ ወፍጮ በእጁ ነው፣ ልጆቹም አድገዋል። እኔ ግን የማልረሳው ስንወጣ የሆነውን ነው። አያ ፈንታ እስከ ሎሪው ሸኙንና ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ድሬሰር» አሉኝ፣ «ይህን ነገር ቀድሜ ቀምሼው ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ልጄን አታገኟትም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። ጉዳዩ ሳያልቅ እኛም አንቀምስም፣ ያመጣነውም አይቀመስም ብዬ ድርቅ እላለሁ። ሰው ሁሉ ሥርዓት አክባሪ እያለ ያመሰግነኛል። እኔም አመሰግናለሁ እላለሁ፤ የሽንፋውን ወይን ግን አላነሳም።